ባዶ የመሰለው ቦታ

ዓመቱን ብትጠይቁኝ ደፍሬ አልነግራችሁም። አስፋልቱ ወደኛ ሰፈር ከመምጣቱ በፊት ነው፤ የየቤቱ አጥር በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበት ሰሞን። ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ላይ እንደነበርን ግን አውቃለሁ፤ ጾም አልነበረማ። ማንጎውም መውደቅ ጀምሮ ነበር። አሶሳ ውስጥ ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ዷ ብሎ ሲወድቅ፣ ቤቱ ሰው የሞላለት ይስቃል፤ ብቻውን የሚኖር ይደነግጣል። እኔ በዚያ ሰሞን እደነግጥ ነበር። ጊዜውን የማስታውሰው በዚሁ ነው።

ይመር እባላለሁ፤ የሰፈሩ ሰው አያ ይመር ይለኛል። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ቀን ስቆፍር ውዬ ማታ በፋኖስ ነው። ዛሬም አነባለሁ፤ ግን እንደ እርምጃዬ ቀስ ብዬ ነው። ባለቤቴ እንጉዳይ ስትታመም ለሐኪም እንዲቀርባት ብዬ ከሰፈራ መንደራችን ወጥተን ከተማው ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቤት ተከራየን። ሐኪሙ ቀረበን፤ እሷ ግን አልቆየችም። ልጃችን ባሕር ዳር ተድራ ትኖራለች። እኔ ለእርሻው ጉልበት አጣሁ፤ ለልጄም ቤት ሸክም መሆን ፈራሁና እዚያው ቀረሁ። ጠዋት ኪዳን አደርሳለሁ። ማታ ማታ ከእንጉዳይ መቃብር አጠገብ ትንሽ ቁጭ እልና ቤቴ እገባለሁ። በመሀል ያለው ቀን ግን እንዴት ይረዝም ነበር!

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁትም ለዚሁ ነው። ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም፤ ሌሎቹ ሥራ ነበራቸው፣ እኔ ጊዜ ነበረኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰፈራ ቀድመውን ወደ ከተማው የገቡ ወገኖቻችን በእንጨትና በጭቃ ያቆሙት ነበር። ምስጡ ከሥር ይበላዋል፤ ሕዝቡ ደግሞ በየዓመቱ ይበዛል። ክረምት ሲገባ ግማሹ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ያስቀድሳል። የዚህን አገር ዝናብ የቆመበት ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ ምዕራብ በኩል እናስፋው ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱም “አስፉት፤ ግን መጀመሪያ ውሃውና መብራቱ ይነሳ” አለን። የሰፈሩ የውሃ ቧንቧ በግቢያችን ሥር ያልፋል፤ የመብራት ፖሉም አዲሱ ሕንፃ በሚያርፍበት ቦታ መሀል ለመሀል ቆሟል። ሁለቱ ሳይነሱ አንድ አካፋ አፈር አይነሳም። ክረምት ሳይገባ መሠረቱ ካልወጣ ደግሞ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

ያ ሁሉ መመላለስ የእኔ ሥራ ሆነ። የውሃ ሰዎች “ማዘጋጃው አዲሱን መስመር ያሳየን” ይላሉ። ማዘጋጃው “ውሃው ይነሳና እናሳያለን” ይላል። የመብራት ሰዎች “ቧንቧው ሳይነሳ ክሬናችን ግቢ አይገባም፤ ይሰብረዋል” ይላሉ። ማናቸውም ክፉ አልነበሩም፤ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር እንጂ። እኔም ሦስት የተኳረፉ ወንድማማቾችን እንደሚያስታርቅ ሽማግሌ ከአንዱ በር ወደ አንዱ በር እሄዳለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጠላሁትም። ወረፋ ላይ ሰው አለ። አንዱ ስለ ካርታው፣ አንዱ ስለ ልጁ ያወራል፤ “አባባ እዚህ ይቀመጡ” የሚል አይጠፋም። ቤቴ ስመለስ ነው ዝም የሚለው።

እንደምንም ውሃው ተነሳ። ፖሉ ቀረ።

ፖሉ የት ይተከል የሚለው ነገር አስቸገረ። ወደ መንገዱ እንዳይሆን መንገዱ ሊሰፋ ነው። የቀረው ሁለት ቦታ ነው፦ አንደኛው የሰሜን ጎረቤታችን የግቢዋ ጥግ፣ ሌላው በእሷ አጥርና በአዲሱ ሕንፃ መሀል የምትቀረው ጠባብ ሰርጥ። በሰርጧ ላይ መቃብር አለ። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤቷ ቴክኒሻን ሰናይት መጀመሪያ ያሳየችን የጎረቤታችንን ጥግ ነበር።

ጎረቤታችን ከአገሬው ከበርታ ብሔረሰብ የሆነች እናት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በግምት የኔ እኩያ። ግቢዋ ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ፤ ቅርንጫፉ አጥሩን ተሻግሮ ወደኛ ያዘነብላል። አንድ ቀን አምስት የኮሚቴ ሰዎች ሄድን። አጥሩ ላይ ቆመን ጠራናት። ሰብሳቢያችን አቶ ጌታሁን ወረቀቱን ከፍ አድርጎ፣

“እንደምን ዋልሽ እናቴ? ከማዘጋጃ ነው። የመብራት ፖል በዚች ጥግ ይተከላል፤ የማንጎው ቅርንጫፍም በዚህ በኩል ይቆረጣል። መስማማትሽን እዚህ ላይ ፈርሚልን” አላት።

እያንዳንዳችንን አየችን። እኔ ላይ ትንሽ ቆየች መሰለኝ።

“አይሆንም” አለችና ገባች።

ስንመለስ አንዱ “ግትር ናት” አለ፤ አንዱ “የኛ ቤተ ክርስቲያን ምኗ ነው?” አለ። እኔ ምንም አላልኩም። ሰናይትም “እንግዲህ ሰርጧ ውስጥ ባዶ ቦታ እንፈልጋለን፤ ፖሉ የሚተከል ቀን አይቼ ችካል እመታለሁ” አለች። ነገሩ በዚህ አደረ።

አሁን ወደዚያች ቀን ልግባ።

ጠዋት የአቶ ጌታሁን አማት ባምባሲ ሞቱ ተባለ። ኮሚቴው ሁሉ፣ ካህናቱም ጭምር፣ ለቀብር በመኪና ተነሱ። ሰው ሞቶ መቅረት ነውር ነው፤ ግን ግቢውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቅር ተባለና ዓይኑ ሁሉ ወደኔ ዞረ። “አያ ይመር አሉ አይደል?” አለ አቶ ጌታሁን። አዎ፣ እኔ ሁልጊዜ አለሁ። መኪናው አቧራውን ለቆብኝ ሄደ።

አቧራው ሳይረጋ ስልኬ ጮኸ።

“ኮሚቴ ነዎት?”

“ነኝ ልጄ።”

“ታደለ ነኝ፣ የመብራት ቡድን መሪ። ዛሬ ፖሉን ልንተክል እንመጣለን።”

“ለሳምንት አልነበረም እንዴ የተባለው?”

“ንፋስ ሆሞሻ በኩል መስመር ጥሏል፤ ክሬኑ ነገ ወደዚያ ይወጣል። ከወጣ ክረምቱ ሳያልፍ አይመለስም። ወይ ዛሬ ነው፣ ወይ ለመስከረም አባባ።”

ለመስከረም ማለት ፈቃዱ ተሰረዘ ማለት ነው። ያ ሁሉ ወረፋ፣ ያ ሁሉ እግር ከንቱ ማለት ነው። ሕዝቡም ክረምቱን እንደገና ዝናብ ላይ ሊቆም ነው። አቶ ጌታሁን ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። ሌሎቹም እንደዚያው፤ ለቅሶ ላይ ማን ስልክ ያነሳል? ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄጄ ሰናይትን ከወንበሯ አስነሳኋት። “ብቻዎን ነዎት እንዴ?” አለችኝ። “ብቻዬን ነኝ” አልኳት።

ስንደርስ ክሬኑ በሩ ላይ ቆሟል። ታደለ ወፍራም፣ ድምፁ ትልቅ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። “ኮሚቴው ይኸው ነው?” አለ ግራ ቀኝ እያየ። “ስብሰባችሁ መቼም ጭቅጭቅ የለውም!” ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሰናይት ሜትሯን ይዛ ሰርጧ ውስጥ ገባች። መቃብር አጠገብ ስትደርስ “ይቅርታ” እያለች በጎን ታልፋለች፤ ደግ ልጅ ናት። ሲሚንቶ የተደረገለት አለ፤ የብረት መስቀል ያለው አለ። “እዚህ ሰው አለ፤ እዚህም አለ” ትላለች። መስመሩ ከሚቀጥለው ፖል ጋር ቀጥ ማለት ስላለበት ብዙ መላወሻ የላትም። ጥቂት ሄደችና ቆመች።

“እዚህ ባዶ ነው! እግዜር ያኖረልን ቦታ!” አለች ደስ ብሏት። ችካሉን መታችው።

ባዶ አልነበረም። እንጉዳይ ነበረች።

የእንጉዳይ መስቀል የእንጨት ነበር። ምስጥ በላው። ሌላ ተከልኩ፤ ያንንም በላው። ዙሪያውን የደረደርኩት ድንጋይ በየክረምቱ እየሰመጠ ሄዶ ሣር ለበሰ። ሲሚንቶ እንዳላደርግላት ደግሞ አደራ ብላኛለች። “ኑሮዬን ሙሉ እንጨትና እንስራ ተሸክሜአለሁ። ከሞትኩ በኋላ ሲሚንቶ እንዳታሸክመኝ” ነው ያለችኝ፣ ሆስፒታል ተኝታ፣ እየሳቀች። ስለዚህ ቦታዋን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከየትኛው የአጥር እንጨት ትይዩ እንደሆነች፣ ጭንቅላቷ በየት እንደሆነ በዓይኔ እለካለሁ። ልጃችን እንኳ ብትመጣ ሳላሳያት አታገኘውም።

“እዚህ ባለቤቴ አለች” ማለት ምን ያቅታል ትሉ ይሆናል። እኔን ግን አቃተኝ። አዲሱ መሠረት የሚነካቸው መቃብሮች ስለነበሩ ባለፈው ወር ቤተሰቦች አጽም እንዲያፈልሱ ተጠይቀው ነበር። አንዲት እናት የልጇ አይነካብኝ ብላ አለቀሰች። ኮሚቴው “አያ ይመር ያናግሯት” አለ። እኔም “ልጄ፣ የእግዚአብሔር ቤት ይቀድማል፤ እሱ የልጅሽን ቦታ የትም ቢሆን ያውቀዋል” ብዬ አባበልኳት። እሺ አለችኝ። አምናኝ እሺ አለች። አሁን የእኔ ተራ ሲደርስ “የኔ አይነካ” ልበል? እላለሁ ብልስ ለማን? እሺ የሚልም እንቢ የሚልም የኮሚቴ ሰው አጠገቤ የለም። አጽሟን ላፍልስ ብል ካህን የለም፤ ያለ ጸሎት እንዴት ይነካል? ፖሉ ይቅር ብል ሕንፃው ቀረ።

አንዱ ሠራተኛ ዲጂኖውን አነሳ። ሣሩ ተነሳ፣ ቀዩ አፈር ታየ። ሁለተኛውን ሲመታ ዲጂኖው ድንጋይ አግኝቶ ጮኸ። የማን ድንጋይ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ በራስጌዋ በኩል ያኖርኩት ጠፍጣፋው ነው። ሳላስበው ሄጄ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

“አባባ! ምነው? ጥላ አጡ እንዴ?” አለ ታደለ።

“ትንሽ ደከመኝ ልጄ።”

“ይነሱልና፤ ዲጂኖ ዘመድ አያውቅም።”

“ምሳ ሰዓት ነው” አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። “ልጆቹ ይብሉ። እኔ እጠብቃለሁ።”

ታደለ ሰዓቱን አየ፤ ሠራተኞቹን አየ። “እሺ፤ በልተን እንመጣለን። ስንመለስ ግን ወሬ የለም፤ ዝናቡም እየመጣ ነው” አለ። በስተ ምዕራብ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሰናይትም ወደ ቢሮዋ ደርሳ ልትመለስ ሄደች።

ግቢው ጭር አለ። ለልጄ ደወልኩ። “አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ማታ ልደውልልህ? ደህና ነህ አይደል?” አለችኝ። “ደህና ነኝ” አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ስልኩን ኪሴ ከተትኩና የተቆፈረውን አፈር በእጄ መለስ አደረግሁት። ከዚያ እንጉዳይን “ምን ላድርግ?” አልኳት። በሕይወት ሳለች ነገር ሲጠናብኝ እሷን ነበር የምጠይቀው፤ እሷ ታዲያ “አንተ አታውቅም?” ነበር የምትለኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ እሷን በቀበርኩ ቀን እንኳ ሰው ነበረ።

“ሽማግሌ!”

ከአጥሩ ወዲያ ነው። ጎረቤታችን ማንጎው ሥር ቆማለች።

“ዛሬ ምነው በፀሐይ መጣህ? አንተ የማታ ሰው ነህ።”

ደነገጥኩ። “የማታ ሰው መሆኔን በምን አወቅሽ?”

“እኔ እዚህ ቁጭ እላለሁ፤ አንተ እዚያ ቁጭ ትላለህ። ብዙ ጊዜ ነው። ሚስት ያንተ እዚያ ነው የተኛው አይደል? ሲቀብሩት አይቻለሁ። እሱ ቀን ዝናብ ነበር።”

አዎ፣ እንጉዳይን የቀበርን ቀን ዝናብ ነበር። ከልጄና ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። የሴትዮዋ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ነገሩን ግን ከማንም በላይ ለየችው። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።

“እና እንጨት እዚያ ላይ ሊተክል ነው?”

“ሊተክሉ ነው።”

“ዝም ብለህ ታያለህ?”

“ምን ላድርግ?”

“ና ግባ” አለች። “በበር ና። አጥር በር አይደለም።”

ዞሬ በበሯ ገባሁ። ያን ሁሉ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር በዚያ በር ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ግቢዋ ተጠርጎ የመጥረጊያው መስመር አፈሩ ላይ ይታያል። ማንጎው ሥር ሰሌን አነጠፈችልኝ። የቀዘቀዘ ከርከዴ በብርጭቆ አመጣች፤ ቀይ፣ ስኳሩ የበዛ። እኔ ዓይኔ በሩ ላይ ነው፤ ሰዎቹ መቼ ይመለሱ ይሆን እያልኩ። እሷ ግን አልቸኮለችም።

“ጤናህ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ልጆች?”

“አንድ ናት፤ ባሕር ዳር።”

“ልጅ ወልዷል?”

“ሁለት ወልዳለች።”

“አልሐምዱሊላህ። አገርህ የት ነው? እርሻህስ? ሚስት ስሙ ማን ነበር?”

“እንጉዳይ።”

“እንጉዳይ” አለች በአፏ እያላመጠችው። ስሟን ከኔ ሌላ ሰው ሲጠራው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ከዚያ እሷ ደግሞ ስለ ባሏ ነገረችኝ። ዘመዶቹ ወስደው ሆሞሻ ነው የቀበሩት። እግሯ ስለሚያማት ብዙ ጊዜ አትሄድም። ማንጎውን የተከለው እሱ ነው፤ በአንዱና በሌላው ሶላት መሀል ጀርባውን የሚያስደግፈውም ዛፉ ላይ ነበር። “እኔ ወደ ቀብር አልሄድም። እዚህ ቁጭ እላለሁ። በቃ፣ እሱ ነው” አለች ግንዱን በመዳፏ መታ እያደረገች።

ያን ጊዜ ገባኝ። አምስት ወንድ አጥር ላይ ቆመን በወረቀት ልንቆርጥባት የመጣነው ምን እንደነበር።

ብርጭቆዬን ጨረስኩ። ሞላችልኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ እጇን ጭኗ ላይ አደረገችና፣ “አሁን ንገረኝ። ምን ፈለግህ?” አለች።

“ምንም” አልኳት። “አንቺን አልጠይቅም። ዛፉ ባልሽ ነው ብለሽ ነግረሽኝ ቅረጪው ልልሽ?”

ሳቀች። ጥርሷ ጥቂት ነው፤ ሳቋ ግን ሙሉ ነው። “ያን ጊዜ ሰዎች መጣ፤ አጥር ላይ ቆመ፤ ‘ፈርሚ’ አለ። እኔ ዕቃ ነኝ? በእኛ ሰው ነገር ሲፈልግ ይገባል፤ ይቀመጣል፤ ይጠጣል፤ ልጅ ይጠይቃል። ከዚያ ይናገራል። በእናንተስ እንደዚህ አይደለም?”

እንደዚያ ነው እንጂ! በወሎ ለልጅ ጋብቻ፣ ለወሰን፣ ለደም ሽማግሌ በማለዳ ሄዶ ደጅ ይቆማል፤ ግቡ እስኪባል አይቀመጥም፤ ሳይቀመጥ ነገሩን አያነሳም። እኔ ራሴ ስንቴ ሄጃለሁ። ለዚህ ግን ወረቀት ይዘናልና የሚበቃ መሰለን።

“ልክ ነሽ። አጥፍተናል” አልኳት።

“አንተ አላጠፋህም፤ አንተ ዝም አልክ” አለችና አሰበች። “ዝምም ጥፋት ነው ትንሽ።” እንደገና ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ ቅርንጫፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። “በእናንተ በኩል ያለውን ብቻ ነው የሚቆርጠው?”

“በእኛ በኩል ያለውን ብቻ።”

“ቅርንጫፍ ይመለሳል” አለች። “እንጉዳይ ይተኛ።”

የክሬኑ ድምፅ ተሰማ።

ሮጬ ወጣሁ ብል አትመኑኝ፤ ሩጫ የለኝም። ግን በዚያ ዕድሜዬ በምችለው ልክ ቸኮልኩ። ታደለ ዲጂኖ ያዡን እያሰማራ ነበር። ሰናይትም ደርሳለች።

“ቁም ልጄ!” አልኩ። “እዚህ ባለቤቴ አለች።”

ተናገርኩት። ሠራተኛው ዲጂኖውን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። ሰናይት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“አባባ! ለምን ከጠዋቱ አልነገሩኝም? ባዶ ነው ስል ቆመው እየሰሙኝ!”

“ለሌላው ሰው ‘አጽም ይነሳል፣ ምን አለበት?’ ስል ኖሬ ለራሴ ሲሆን አፍሬ ነው ልጄ።”

ታደለ ቆቡን አውልቆ አናቱን አከከ። ቀልዱ ጠፍቶበታል። “እሺ፤ አሁን ምን እናድርግ? ያለ ቦታ ይህ ነው። ክሬኑን ይዤ ልመለስ?”

“ጎረቤታችን በግቢዋ ጥግ እሺ ብላለች።”

“ያቺ እንቢ ያለችው?” አለች ሰናይት።

“እሷው።”

ሁላችንም በበሯ ሄድን። በሩ ላይ ታደለ ሊገባ ሲል “ቆይ፤ ግቡ እስክትል” አልኩት። ግቡ አለች። ሰሌኑን አሳየችን። “ተቀመጡ።” ታደለ ሰማዩን እያየ፣ “እናቴ፣ ዝናቡ መጣብን፤ ቶሎ ቢፈርሙልን…” አለ።

“መጀመሪያ እሰግዳለሁ” አለች።

“ስንት ይፈጃል?”

“ሶላት የሚፈጀውን።”

ማንጎው ሥር መስገጃዋን አነጠፈች። ቆመች፣ ጎነበሰች፣ ተደፋች። ነፋሱ መነሳት ጀመረ፤ የማንጎው ቅጠል ይንሿሿል፤ አንድ ማንጎ አጠገቧ ወደቀ፤ ዞራ አላየችውም። ታደለ መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ በኋላ እሱም ማየቱን ተወ። ሠራተኞቹ አጥር ላይ ተደግፈው ጠበቁ። ስትጨርስ ተነስታ ወደ ዛፉ ሄደች፤ በሚቆረጠው በኩል ግንዱ ላይ እጇን አኑራ በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። ግን እኔም ለእንጉዳይ የምለውን እንዲሁ በቀስታ ነው የምለው።

“አሁን ቁረጡ” አለች። “ግን ፖሉ ላይ መብራት አድርግልኝ። ማታ ለውዱእ ስወጣ እንቅፋት ይመታኛል።”

“መብራት ነው ሥራችን እናቴ! ሁለት ባደርግልዎስ?” አለ ታደለ፤ ድምፁ ተመለሰለት።

ሰናይት ቦርሳዋ ላይ አስደግፋ የጎረቤታችንን መስማማት ጻፈች። “ስምዎ ማን ልበል?” ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ተናገረች። እኔም ያን ጊዜ ነው ስሟን የሰማሁት፤ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ አጥር ኖረን። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ጣቷን ነክራ አተመች፤ እኔም ምስክር ሆኜ በቀስታዬ ፈረምኩ።

ቅርንጫፉ ሲወድቅ ፊቷን አዞረች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አብሬያት ዞርኩ። ፖሉ ቆሞ ሽቦው ሲሳብ ዝናቡ ወረደ፤ ሠራተኞቹ እየጮኹና እየሳቁ ጨረሱት። ታደለ ሲሄድ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ “አባባ፣ ኮሚቴዎ ጎበዝ ነው!” አለኝ። የወደቀውን ማንጎ ጎረቤታችን በዘንቢል ሞልታ በዝናብ ውስጥ ሰጠችኝ። ወደ ሰርጧ ተመለስኩና የተቆፈረውን አፈር አስተካክዬ ደለደልኩ፤ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አውጥቼ ከላይ አኖርኩት።

ማታ ከባምባሲ የተመለሱት በስብሰው ነው። አቶ ጌታሁን ፖሉን አይቶ ዓይኑን አላመነም።

“አያ ይመር፣ ያቺ ሴትዮ እንዴት እሺ አለች? ምን አሏት?”

“ምንም አላልኳት። እሷ ናት የጠየቀችኝ።”

በነጋታው ኮሚቴው ሁሉ በበር ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁሉም ከርከዴውን ጠጣ። መሠረቱም ክረምት ሳይገባ ወጣ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን ሰፊ ነው፤ ዝናብ ላይ የሚቆም የለም። እናንተም የምትሠሩት ነገር ካለ፣ ፈቃድ ፈልጉ፤ ወረቀቱንም ያዙ፤ ያለዚያ አይሆንም። ግን ከወረቀቱ በፊት ግቡና ተቀመጡ። ይህን ስል እንደ መካሪ አትቁጠሩኝ፤ እኔም ያወቅሁት በዚያ ዕድሜዬ ነው።

ለኔ የተለወጠው ግን ሌላ ነው። ብቸኝነቱ ለቀቀኝ ብል ዋሽቻለሁ። ቤቴ ዛሬም ዝም ያለ ነው፤ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ዛሬም እነቃለሁ። እንጉዳይ ከሄደች ወዲህ ግን ወጥቼ ብገባ የሚያየኝ ሰው የለም ብዬ ነበር የምኖረው። ለካ ማታ ማታ ከአጥሩ ወዲያ እሷም ከባሏ ጋር ቁጭ ብላ ታየኝ ኖሯል። አንድ ቀን ብቀር ትጠይቅ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ድንጋጤዬ እንደ ድሮው አይደለም።

የፖሉ መብራት ማታ ሲበራ ግማሹ ወደ እሷ ደጅ፣ ግማሹ አጥሩን ተሻግሮ ወደ እንጉዳይ ይወድቃል። የማንጎው ቅርንጫፍ እንዳለችውም ተመልሷል፤ ከሽቦው ዝቅ ብሎ፣ ለጋ። እኔ ስመጣ ከወዲያ “መጣህ?” ትላለች። “መጣሁ” እላለሁ። ሌላ ብዙ አናወራም። ከእንጉዳይ ወዲህ፣ ከልጄ በቀር፣ “አንተ” የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

ስሟ ዘሃራ ነው።